ጅቡን ተኩላ ያደረገው ሎጎ

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠያቂው የኮሌጅ ተማሪ ሲሆን ሌሊት ሌሊት በስልኩ ጌም እየተጫወተ በዩቲዩብ ያስተላልፋል። ቻናሉን «የሌሊት ጅብ» ብሎታል። «ጋሼ፣ ሎጎውን በስልክ አፕ ራሴ ሠራሁት። በትልቁ ሲታይ ያምራል። ፕሮፋይል ላይ ሳደርገው ግን ምኑም አይለይም፤ ጽሑፉም ጠርዝ ላይ ይቆረጣል። ቪዲዮ ላይ ሳስቀምጠው ነጭ ሳጥን ይዞ ይመጣል። ቲሸርት ላሳትምበት ብወስደው ‹ይሄ አይታተምም› አሉኝ። ጥፋቱ የት ላይ ነው?» ይላል። ምስሉንም አያይዞ ልኮልኛል።

አየሁት። ሄድፎን ያጠለቀ የተኩላ ራስ፣ ከኋላው ጋሻ፣ ከጋሻው ኋላ ሁለት የተጠላለፉ ጎራዴዎች፣ ከሥር የጌም መቆጣጠሪያ፣ ዙሪያውን እሳት፣ ከእሳቱ በታች ደግሞ የቻናሉ ስም በቀጫጭን ፊደል። ወንድሜ፣ ጅቡ የት ገባ? አፑ ውስጥ ጅብ አልነበረም መሰለኝ፤ ተኩላ ግን በሽበሽ ነው። ያንን ተኩላ አፑን የከፈተ ሁሉ ስለሚወስደው ነገ ሌላ ቻናል ላይ ብታገኘው «የእኔ ነው» ማለት አትችልም። መቆጣጠሪያውም ለምን እንደገባ አልገባኝም፤ አንተ የምትጫወተው በስልክ ነው።

ስለዚህ የፋይሉን ነገር ለጊዜው እናቆየውና ሥዕሉን እንለውጥ። አንበሳና ተኩላ የሰለቹ የጌም አርማዎች ናቸው። ጅብ ግን ብዙ አይታይም፤ ለከተማ ዳር ሰው ደግሞ ድምፁ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ ስም ይዞ ሌላ አውሬ መሣል ስሙን መጣል ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። የነጠብጣቡ ጅብ ጆሮ ክብ ነው። ፊቱን ከፊት ለፊት ሥለህ ሁለት ክብ ጆሮዎች ብትሰጠው ሰው የሚያየው ድብ ነው፤ አፍንጫውን ካሾልከው ደግሞ አይጥ ይሆናል። መፍትሔው በጎን መሣል ነው። በጎን ሲታይ ጅብን ጅብ የሚያደርጉት ነገሮች ይወጣሉ፦ አንድ ትልቅ ክብ ጆሮ፣ አጭርና ወፍራም አፍ፣ ከባድ መንጋጋ፣ ከራሱ እኩል የሚወፍር አንገት። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ትከሻው ከፍ ይልና ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ሙሉ አካሉን ለፕሮፋይል አታስገባው፤ ክብ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይሆናል። ራሱንና አንገቱን ብቻ ሣልና አንገቱ ወደ ክቡ ጠርዝ እየወረደ ይለቅ። ማጅራቱ ላይ የቆመውን ፀጉር በአሥር የመጋዝ ጥርስ ሳይሆን በሦስት ትላልቅ ጥርሶች አሳየው። ነጠብጣቦቹን እርሳቸው። ዓይኑን አንድ ቁራጭ ብርሃን አድርገው፤ ሌሊትነቱን የሚናገረው እሱ ነው።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር ብቻ ሥራው። በጥቁር ብቻ ካልታወቀ ቀለም አያድነውም። የጎረቤት ልጅ ጠርተህ ስሙን ሳትነግረው «ይሄ ምንድን ነው?» በለው። «ውሻ» ካለህ ጆሮውን አክብብ፤ «ድብ» ካለህ አንገቱን አርዝምና መንጋጋውን አክብድ።

ወደ ልኩ ልለፍ። ዩቲዩብ ላይ የፕሮፋይል ምስል በ800 በ800 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) መጫን የተለመደ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ግን ያንን አይደለም፤ አስተያየት መስጫው ላይ ስትጽፍ ከስምህ ጎን የምትታየው ክብ 40 ፒክሰል አካባቢ ናት። ለጥንቃቄ 32 እንበልና ከዚያ ወደ ኋላ እናስላ። በ512 በ512 ፒክሰል ሸራ (መሥሪያ ገጽ) ላይ ብትሠራ፣ ወደ 32 ሲወርድ እያንዳንዱ 16 ፒክሰል ወደ አንድ ይጨፈለቃል። እንግዲህ ከ32 ፒክሰል የቀጠነ መስመርም ሆነ ክፍተት አታስገባ፤ ያን ጊዜ በትንሹም ሁለት ፒክሰል ይተርፍልሃል። የአንተ ጎራዴዎች ስለት በዚህ ሸራ ሲለካ አራት ፒክሰል ያህል ነው፤ ሲያንስ የአንድ ፒክሰል ሩብ ሆነ ማለት ነው። ምኑም ያልለየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጽሑፉን የቆረጠው ክቡ ነው። ካሬ ምስል ትጭናለህ፣ ዩቲዩብ አራቱን ማዕዘን ይቆርጣል። ከ512ቱ ሸራ መሃል 362 በ362 የሆነ ካሬ ብታሰምር ከክቡ ስለማይወጣ ዓይን፣ አፍና ጆሮ እዚያ ውስጥ ይግቡ። የቻናሉን ስም ደግሞ ከፕሮፋይሉ ጨርሰህ አውጣው። ዩቲዩብ ራሱ ከጎኑ ይጽፍልሃል፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ ምን ያደርጋል?

የስሙ ቦታ ከቻናሉ አናት ያለው ባነርና ቲሸርቱ ነው። ባነሩ በትንሹ 2048 በ1152 ፒክሰል ይሁን፤ በስልክም በቴሌቪዥንም ሳይቆረጥ የሚታየው ግን መሃሉ ላይ ያለው 1235 በ338 ብቻ ስለሆነ ጽሑፉ ከዚያ አይውጣ። ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ልብ በል። «የሌሊት» ሲጻፍ «ሌ» እና «ሊ» ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ግርጌ ብቻ ነው፣ የአንዱ ቀለበት የሌላው አጭር ሰረዝ። በጣም ወፍራም ፊደል ከመረጥክ ቀለበቱ ይደፈንና ሁለቱም «ሊ» ይሆናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፊደል በነፃ ይገኛል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስም አለው። ከሁሉ የወፈረውን ትተህ ከዚያ ዝቅ ያለውን ውሰድ፤ የ«ሌ»ን ቀለበትም በእጅህ ትንሽ አስፋው።

ቀለም ሁለት ይብቃህ። የዩቲዩብ ገጽ ለአንዱ ተመልካች ነጭ፣ ለሌላው ጥቁር ነው። ጥቁር ጅብ ያለ መደብ (ከኋላው ያለ ቀለም) ከለቀቅከው ግማሹ ተመልካች አያየውም፤ ስለዚህ መደቡን ራስህ ሙላው። ሐምራዊ መደብ፣ ጥቁር ጅብ፣ ቢጫ ዓይን ጥሩ ይመስለኛል፤ ሐምራዊው ግን ጥቁሩ እንዳይጠፋበት ፈካ ይበል። (ጥቁሩን አልቆጠርኩትም።) ስክሪን ላይ የሚንቦገቦገውን አረንጓዴ ግን ተወው። ስክሪን ብርሃን ይረጫል፣ ማተሚያ ቀለም ይቀባል፤ ያ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወጣ ደብዝዞ ታገኘዋለህ። በስክሪን ፕሪንት (ቀለምን በወንፊት እያሳለፉ ማተም) ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ወንፊት ስለሚዘጋጅ ቀለም በጨመርክ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል።

ነጩ ሳጥን የመጣው ፋይሉ ጄፔግ ስለሆነ ነው። ጄፔግ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም፣ በነጭ ይሞላዋል። ቪዲዮ ላይ የሚያርፈውን መደቡን አውጥተህ፣ ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ በሚይዘው በፒኤንጂ አስቀምጠው። መደቡ ሲወጣ ጨለማ ጨዋታ ላይ ጅቡ እንዳይጠፋ በዙሪያው ወፍራም ነጭ ጠርዝ ስጠው። ቪዲዮ መግቢያ ምስሎችህ ላይ ደግሞ ከታች በቀኝ በኩል አታድርገው፤ ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት የሚጽፈው እዚያ ነው።

ማተሚያ ቤቶቹ እውነታቸውን ነው። የላክልኝ ምስል 500 ፒክሰል ስፋት አለው። በ25 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ለአንድ ኢንች 50 አካባቢ ፒክሰል ይደርሰዋል፤ ጥራት ላለው ህትመት የሚፈለገው 300 ያህል ነው። በዚህ ስሌት 3000 ፒክሰል ገደማ ያስፈልግህ ነበር። ዘላቂው መንገድ ግን ቬክተር ነው፤ ምስሉ በነጥብ ሳይሆን በመስመር ስሌት ስለሚቀመጥ ለስቲከርም ለግድግዳም ያው ፋይል ይበቃል። ኢንክስኬፕ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል፤ ከሌለህ የኮሌጃችሁን ኮምፒውተር ተጠቀም። የማርከሩን ሥዕል ፎቶ አንስተህ ከሥር አስገባውና ከላዩ በብዕር መሣሪያው ዳር ዳሩን ተከተል። በራስ ሰር የሚቀይረውን ትእዛዝ አልመክርህም፤ በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ይረጭብህና ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ለጆሮው ክብ አራት ነጥብ ይበቃል። መብራት ሳይሄድብህ ቶሎ ቶሎ አስቀምጥ።

ለማተሚያ ቤት ከመላክህ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያ የአማርኛ ፊደል ከሌለ ስምህ ተርታውን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይከፈታል። ሥራው ሲያልቅ ቬክተሩን የያዘውን የኤስቪጂ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል ለእነሱ፣ ፒኤንጂውን ለዩቲዩብ ትሰጣለህ።

በኢንክስኬፕ ያለቀውን ፒኤንጂ ለእኔም ላክልኝ፣ አየዋለሁ። በቴሌግራም ስትልከው ግን እንደ ፎቶ አትላከው፤ ያሳንሰውና ወደ ጄፔግ ይለውጠዋል፣ ያ ነጭ ሳጥንም ተመልሶ ይመጣል። «ፋይል» የሚለውን ምረጥ።