ግራሙን ማን ይንካው? የፓይተን ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ኮድ የምትጽፉ ልጆች ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አትሪቢዩትን (አንድ ዕቃ በኮድ ውስጥ የሚይዘውን መረጃ) ከክላሱ ውጭ ያለ ኮድ እንዳይነካው ስለማድረግ ብዙ ጠይቃችኋል። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላለ ወርቅ ቤት የዕቃ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። «ወርቅ» የሚል ክላስ (ዕቃዎቹ የሚሠሩበት ንድፍ) አለኝ፤ ከእሱ የሠራሁትን አንዱን ዕቃ «ቀለበት» ብዬዋለሁ። «ግራም» የሚለውን አትሪቢዩት ፕራይቬት (ከክላሱ ውጭ የማይነካ) ላድርግ ብል ማድረጊያውን ፓይተን ላይ አጣሁት።

መልስ፦ የለም፣ እህቴ። ልማዱ ስሙን በአንድ አንደርስኮር መጀመር ነው፦ _ግራም። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ስለሚፈቅድ እንዲሁ ጻፊው፣ ይሠራል። ያን ያየ ፕሮግራመር የውስጥ ጉዳይ መሆኑን አውቆ እጁን ይሰበስባል። ልንካ ካለ ግን የሚከለክለው የለም።

ጥያቄ፦ ሁለት አንደርስኮርስ? ሲነካ ኤረር ሲያወጣ አይቻለሁ።

መልስ፦ ኤረሩ የሚመጣው ስሙ ስለተቀየረ ነው። ክላሱ ውስጥ __ግራም ብለሽ ስትጽፊ ፓይተን _ወርቅ__ግራም አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከውጭ ቀለበት.__ግራም ብለሽ ስታነቢ «የለም» ይልሻል። ቀለበት._ወርቅ__ግራም ካልሽ ግን ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ዓላማውም ሌላ ነው፦ ካንቺ ክላስ የሚወርስ ክላስ ሳያውቅ ያንኑ ስም እንዳይደርብብሽ።

አደገኛው ቦታ ደግሞ ይሄ ነው። አንድ ሰው ከውጭ ቀለበት.__ግራም = 5 ቢል ምንም ኤረር አይወጣም። አዲስ አትሪቢዩት ይፈጠራል፣ እውነተኛው ግራም እንዳለ ይቀመጣል፣ ሰውየው ግን የቀየረው ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ስህተት ፈልጎ ማግኘት ራስ ያዞራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግራሙ ከዜሮ በታች እንዳይሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፕሮፐርቲ ተጠቀሚ፤ ከውጭ ተራ አትሪቢዩት ይመስላል፣ ሲነበብና ሲጻፍ ግን ሜተድ (የክላሱ ፈንክሽን) ይሠራል። ቁጥሩን _ግራም ላይ አስቀምጪና «ግራም»ን ፕሮፐርቲ አድርጊው፤ አንዱ ሜተድ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። የሚጽፈው ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከመጣበት ኤረር ያውጣ። ሻጩ ተሳስቶ -3.5 ቢያስገባ እዚያው ይቆማል፣ ዳታቤዝ አይደርስም። የሚጽፈውን ሜተድ ጭራሽ ከተውሽው «ግራም» የሚነበብ ብቻ ይሆናል።

ግን እባካችሁ፣ ሁሉንም አትሪቢዩት በፕሮፐርቲ አትጠቅልሉ። ጃቫ የሚባለውን ቋንቋ የለመደ ሰው ገና ሲጀምር ጌተርና ሴተር (የሚያነቡና የሚጽፉ ሜተዶች) ይደረድራል። ፓይተን ላይ በተራ አትሪቢዩት ጀምሩ። ቁጥጥር ያስፈለገ ዕለት ወደ ፕሮፐርቲ ብትቀይሩት ቀለበት.ግራም እያለ የሚጠራው ኮድ አንድ መስመር እንኳን አይቀየርም።

ጥያቄ፦ ፓስወርድ ፕራይቬት ባደርገው ይጠበቃል?

መልስ፦ በፍጹም! ጃቫ ላይ እንኳን ፕራይቬት የተባለ ፊልድ (ጃቫ አትሪቢዩትን የሚጠራበት ስም) በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ኮድ ራሱ የክላስን ውስጥ በሚመረምርበት መንገድ፣ ሊነበብ ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሚከላከሉት የሥራ ባልደረባን ስህተት እንጂ ሌባን አይደለም። ፓስወርድ ሃሽ ተደርጎ (ወደ ዋናው በማይመለስ መልክ ተለውጦ) ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የምር የሚከለክል ቋንቋስ አለ?

መልስ፦ ጃቫስክሪፕት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ ወዲህ በ# የሚጀምር ፊልድ ከክላሱ ውጭ ከተጠራ ኮዱ ገና ሥራ ሳይጀምር ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ይወጣል።