ጥያቄና መልስ፦ የደንና የሣር መሬት አፈር በየወቅቱ የሚተነፍሰው ጋዝ

ጥያቄ፦ በደንና በአጠገቡ ባለ የሣር መሬት ከአፈር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወር አንድ ጊዜ እለካለሁ። በደረቁ ወራት ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቆየ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ግን ብዙ እጥፍ ዘለለ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያዎን አይጠርጥሩት። ይህ በርች የተባለ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ወዲህ በስሙ የሚጠራ ክስተት ነው። አፈር ሲደርቅ ከደቂቅ ተሕዋስያኑ ከፊሉ ይሞታል። ውሃ ሲገባ የሞቱት ቅሪትም፣ የአፈሩ ጓል ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጣው ብስባሽም በአንድ ጊዜ ለምግብነት ይደርሳል። የተረፉት በሰዓታት ውስጥ ነቅተው ይመገባሉ፤ ሲመገቡም ይተነፍሳሉ። ፍሰቱ ለጥቂት ቀናት ከፍ ብሎ ቆይቶ ይወርዳል። ወዲያው የሚከተለው ዝናብ የመጀመሪያውን ያህል አያዘልለውም፤ በቀላሉ የሚፈርሰው ምግብ አልቋልና።

ችግሩ ያለው በወር አንድ ጊዜ መለካትዎ ላይ ነው። ያን የዘለለ ቁጥር በ30 ቀን ቢያባዙት የዓመቱ ድምር ከልክ በላይ ያብጣል፤ ቀኑ ቢያመልጥዎት ደግሞ ትልቁ ፍሰት ጭራሽ አይመዘገብም። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት አንዴ፣ ከዚያ ከ6 ሰዓት፣ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ7 ቀን በኋላ ይለኩ፤ ቀጥሎ በየ15 ቀኑ ይበቃል። ዝናቡ እየወረደ ባለበት ሰዓት አይለኩ፤ ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሞልቶ በውስጡ የተጠራቀመውን ጋዝ ስለሚገፋ የሚያዩት የተሕዋስያኑን ትንፋሽ ብቻ አይሆንም። በእያንዳንዱ ልኬት የአፈሩን ሙቀት በ5 ሣንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ርጥበቱንም ከላይኛው 10 ሣንቲ ሜትር ይመዝግቡ።

ዝናቡን መጠበቅ ካልቻሉ በትርፍ ቀለበቶች (መለኪያው እንዲቀመጥባቸው አፈር ውስጥ በሚተከሉ ክብ ክፈፎች) ላይ ውሃ ማጠጣት ይቻላል። ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) 20 ሣንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት 314 ካሬ ሣንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለመምሰል 314 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ ብለው ያርከፍክፉበት።

ጥያቄ፦ በሣሩ ላይ ቁጥሩ አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አፈር ጋዙን መልሶ ይውጠዋል እንዴ?

መልስ፦ የሚወስደው ሣሩ ነው። በቀለበቱ ላይ የሚደፉት የመለኪያው ክዳን ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ቅጠሉ ከአፈሩ የወጣውን ጋዝ ለምግብ ዝግጅት ይጠቀምበታል። ብርሃን የማያሳልፍ ክዳን ይጠቀሙ፤ ከመለካትዎ አንድ ቀን ቀድመውም በቀለበቱ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ከአፈሩ ደረጃ ይቁረጡ፤ አይንቀሉ። ሳይቆርጡ ቢከድኑ የአፈሩንና የሣሩን ትንፋሽ አንድ ላይ ይለካሉ።

ይሁንና አንድ ቀለበት ውስጥ እየደጋገሙ መቁረጥ ሥሩን ያስርባል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ የሰሜን ስዊድን ጥናት የጥድ ዛፎች ግንድ ቅርፊት ዙሪያውን ተልጦ ስኳር ወደ ሥር እንዳይወርድ ሲደረግ፣ የአፈሩ ትንፈሳ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ በዕድገት ወቅት የሣር ቀለበቶችዎን ቦታ ይቀያይሩ። በደኑ የረገፈውን ቅጠል እንዳለ ይተዉት።

ቀለበቱን ከ2 እስከ 3 ሣንቲ ሜትር ብቻ ያስገቡ፤ ከዚያ በላይ ከጠለቀ ቀጫጭን ሥሮችን ይቆርጣል። ከተከሉ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል ሳምንት ይጠብቁ። በምትለኩበት ጊዜ ማንም አጠገቡን አይርገጥ፤ የተረገጠ አፈር ጋዝ ይተፋል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ከሚፈጀው ንባብም የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ ይጣሉ።

ጥያቄ፦ የሣር መሬቱ ከደኑ ይልቅ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥላና የቅጠል ምንጣፍ ስለሌለው ቶሎ ይግላል፤ ቶሎም ይደርቃል። ርጥበት እስካለ ድረስ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፈሳው በግምት እጥፍ ይሆናል። አፈሩ ከደረቀ ግን ሙቀቱ ብቻውን አያስተነፍሰውም፤ ውሃ ከተኛበትም ኦክስጅን ስለሚያጥር ይቀንሳል። በእርጥብ ወራት ያወጡትን፣ ትንፈሳውን ከሙቀት የሚያሰላ ቀመር ለደረቁ ወራት አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ በማይክሮሞል (የጋዝ መጠን መለኪያ፤ የሞል አንድ ሚሊዮንኛ) በሰከንድ ያገኘሁትን እንዴት ወደ ቀን ልለውጥ?

መልስ፦ በካሬ ሜትር በሰከንድ 1 ማይክሮሞል ማለት በቀን 1.04 ግራም ካርቦን ነው። የእኩለ ቀን ንባብ ግን፣ በተለይ በሣሩ ላይ፣ ቀኑን አይወክልም። ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ለዕለቱ አማካይ ይቀርባል፤ ቢሆንም በየወቅቱ አንድ ጊዜ ሙሉ 24 ሰዓት ለክተው ያረጋግጡ።