ዊንተርቤሪዬ ለምን ፍሬ አጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መሥሪያ ቤቴ ደጅ ላይ ዲሴምበር ሲመጣ ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ይረግፍና ቀይ ፍሬ ብቻ የሚቀርበት ቁጥቋጦ አለ። ዊንተርቤሪ ነው ሲሉኝ እኔም ገዝቼ ተከልኩ። ለምለም ነው፣ ያብባልም። ፍሬ ግን ጠብ አላለም። ባለቤቴ በየጁላዩ በመቀስ ያስተካክለዋል፤ አሁን ግን “ይነቀል” እያለ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እንዳትነቅይው! የጎደለው ባል ሳይሆን አይቀርም። ዊንተርቤሪ እንደ ፓፓያ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው። የምታፈራው ሴቴዋ ናት፣ እሷም ወንዴ በቅርብ ካለ ነው። ሻጮቹ ይህን ቢነግሩሽ ምን ነበረበት? ሁለት ችግኝ ይሸጡልሽ ነበር እኮ።

መጀመሪያ ያንቺ ሴቴ መሆኗን አረጋግጪ። የስሟ ወረቀት ከጠፋ ጁንን ጠብቂ። አበባዋ ጥቃቅንና ነጭ ስለሆነ በደንብ ጠጋ በይ። መሐሉ ላይ ድቡልቡል አረንጓዴ ነገር ካለ ሴቴ ናት። ቢጫ ብናኝ የያዙ ቀጫጭን ዘንጎች ብቻ ከሆኑ ወንዴ ነው።

ወንዴ ስትገዢ “የትኛውም ይሆናል” ቢሉሽ አትስሚ። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ማበብ አለባቸው። “ጂም ዳንዲ” የሚባለው የወንዴ ዝርያ ቀድሞ ስለሚያብብ “ሬድ ስፕራይት” ለምትባለው ሴቴ ነው። ሌላው ወንዴ “ሰዘርን ጀንትልማን” ዘግየት ስለሚል “ዊንተር ሬድ” ለምትባለው ሴቴ ይሆናል። እዚያው አጠገብሽ፣ ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ያወጣት “ስፓርክልቤሪ” ከሆነች ደግሞ “አፖሎ”ን ፈልጊላት። አንድ ወንዴ ለአምስት ሴቴ ይበቃል። እሱ ለዓይን ስለማይሞላ ጓሮ ሸጎጥ አድርጊው፣ ከ15 ሜትር ባይርቅ ነው። የቀረውን ንቦቹ ያውቁበታል።

ባለቤትሽ መቀሱን ያስቀምጥ። ጁላይ ላይ የሚቆርጠው ገና የያዘውን ፍሬ ነው። መግረዝ ካማረው ማርች ላይ፣ ቅጠል ሳያወጣ።

የዱር ዘመዶቹ ረግረግ ዳር የሚበቅሉ ናቸው፤ ውሃ አትንፈጊው። አመድና ኖራ ግን እንዳታስጠጊው። አሲዳማ አፈር ነው የሚወደው፣ አለዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።

ፍሬው ሲመጣ ለገና ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ቤት ማስገባትሽ አይቀርም። የእኛን ገና፣ ጃንዋሪ 7ን ካልሽ ወፎቹ ሊቀድሙሽ ይችላሉ። ቀደም ብለሽ ቁረጪ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጪው፤ ፍሬው ሲበሉት ያስታውካል።