ሶስቱን ሰርቨር ወደ አንድ ላምጣቸው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሰራተኛ ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምሰራው። ሶስት ያረጁ ሰርቨሮች አሉን፣ አንዱ ላይ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም፣ አንዱ ላይ የሚዛን ቤቱ ፕሮግራም፣ አንዱ ላይ የቢሮው ፋይል ነው ያለው። እቃ የሚያቀርብልን ሰውዬ ሶስቱንም ሽጡና አንድ ትልቅ ገዝታችሁ ቨርቹዋል አርጉት፣ ወጪ ይቀንሳል ብሎ ስራ አስኪያጁን አሳምኖታል። እኔ ግን መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ እያየሁ ፈራሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አዲሱን ግዙ፣ ግን "ሶስቱንም ሽጡ" የሚለውን በፍፁም እንዳትሰማ።

እንደናንተ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር ሲፒዩው አብዛኛውን ቀን ስራ ፈቶ ነው የሚውለው፣ ሶስቱም ግን እኩል መብራት ይበላሉ እኩል ያረጃሉ። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር አንዱን ማሽን ቨርቹዋል ማሽን ለሚባሉ ብዙ በሶፍትዌር የተሰሩ ማሽኖች ይከፋፍለውና እያንዳንዱ የራሱ ዊንዶውስ ወይ ሊኑክስ ይኖረዋል፣ አንዱ ቢንቀረፈፍ ወይ ቢዘጋ ሌላው ስራውን ይቀጥላል። ስትገዛ ታዲያ ከሲፒዩው በላይ ራሙ (ሜሞሪው) ላይ ብር ጨምር፣ መጀመሪያ የሚያልቅብህ እሱ ነው።

ለኔ ትልቁ ጥቅም ግን ስናፕሾት ነው፣ ቨርቹዋል ማሽኑ በዛች ሰአት ያለበትን ሁኔታ መያዝ ማለት ነው። ለምሳሌ ሰኔ 30 ሂሳብ ልትዘጉ ስትሉ ወይ ዊንዶውስ አፕዴት ልታደርግ ስትል፣ ሂሳብ ክፍሎቹን ከፒችትሪ አስወጥተህ ስናፕሾት ትይዛለህ፣ ነገር ከተበላሸ በደቂቃዎች ውስጥ ወደነበረበት ትመልሰዋለህ፣ እንደድሮው ሌሊቱን ሙሉ ፎርማት ማድረግ የለም። ስናፕሾቱን ከያዝክ በኋላ የተመዘገበው ግን ስትመልሰው አብሮ ይጠፋል፣ ለዛ ነው ቀድመህ አስወጣቸው ያልኩህ። ስራው እንዳለቀ ደሞ ሰርዘው፣ ለወራት ከተውከው እያበጠ እያበጠ ሄዶ ዲስኩ ሲሞላ ማሽኖቹ ቀጥ ይላሉ። እባክህ ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ነው ብለህ እንዳትቆጥረው፣ የሚቀመጠው እዛው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

መብራቱን መፍራትህ ልክ ነው። ድሮ አንዱ ሰርቨር ሲበላሽ ሁለቱ ይተርፉልህ ነበር፣ አሁን አንድ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ ማለት ድርጅቱ በሙሉ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ከሶስቱ አሮጌዎች ደህናውን አስቀርና ራም ጨምረህ ባክአፕ ማሽን አርገው፣ ማታ ማታ ሁሉም ቨርቹዋል ማሽኖች ወደሱ ይገልበጡ፣ ትልቁ ከሞተ ቢያንስ ፒችትሪን እዛ ላይ ታስነሳዋለህ ቀስ ይላል ግን ይሰራል። ሌላ ኮፒ ደሞ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከቢሮ ውጪ ይቀመጥ፣ ተነቅሎ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው እቃ) በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገር ይሁን፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱ ማሽኖቹን በስርአት ይዘጋቸዋል፣ ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ምሳ ላይ ቢሆንም ዳታቤዙ አይበላሽም። ለዚህ የሚሆን በጀት ከሌለ እውነቴን ነው የምልህ ሰርቨሩን ራሱ አትግዙ።

ሃይፐርቫይዘሩን በተመለከተ፣ ቪኤምዌር ጥሩ ነው ግን ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ከገዛው በኋላ አንዴ ከፍለህ ለዘለአለም የምትይዘው ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ሆኗል፣ ለናንተ አይነት ቢሮ አይሆንም። ሌላው ሃይፐርቫይዘር ፕሮክስሞክስ በነፃ ይሰራል፣ የሚከፈለው ሰፖርት ከፈለክ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ደሞ በአንድ ላይሰንስ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ የፋይሉን በሊኑክስ ብታደርገው ይበቃሃል። የየትኛውንም ማስተዳደሪያ ገፅ ኢንተርኔት ላይ እንዳትለቀው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2023 አፕዴት ያልተደረጉ የቪኤምዌር ሰርቨሮች በአለም ዙሪያ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ) ሲቆለፉ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት አመት ሞልቶት ነበር። አንዱ ሰርቨር ተቆለፈ ማለት ደሞ ውስጡ ያሉት ሁሉ ተቆለፉ ማለት ነው።

ስታዛውር በፋይሉ ጀምር፣ ጥቂት ሳምንት እየው፣ ከዛ ፒችትሪ። የሚዛን ቤቱን ግን እኔ ብሆን አልነካውም፣ ሚዛኑ በሲሪያል (በድሮው አይነት) ገመድ የሚገናኝ ከሆነ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ማስገባቱ ራስ ምታት ነው፣ ለሱ አንዷ ትንሽ ኮምፒውተር ትበቃለች። አለቃህ ግድ ካለ ደሞ ቡና መግባት ሳይጀምር ጨርሰው፣ ካልደረሰልህ ወቅቱ እስኪያልፍ ይቆይ፣ መኪና በር ላይ ተሰልፎ ሲስተም የለም ማለት አይቻልም።