ዞናበንት ቅዳሜ ነው እህቴ፣ የእሁድ ማታ አይደለም

«ጀርመን፣ ላይፕሲግ ከተማ የኪራይ ቤት እንዳይ ለዞናበንት ተርሚን (ቀጠሮ) ሰጡኝ፤ የትኛው ቀን ነው? አጠራሩስ? ከየት የመጣ ስም ነው?» ላልሽው እህት፦ ቅዳሜ ነው። ሌላውን ባታነቢ እንኳ ይችን ያዢ።

1. አጠራሩ። የመጀመሪያው ኤስ «ዘ» ይሆናል፣ የመጨረሻው ዴ ደግሞ «ት»። «ዞን» ብለሽ ቆም፣ ከዚያ ኣን ሳብ አድርገሽ «ኣበንት»። ሲፈጥኑ «ዞናምት» ይመስላል።

2. «አበንት» ብቻውን ማታ ስለሆነ ዞናበንትን የእሁድ ማታ ብለሽ እንዳትሳሳቺ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ማግደቡርግ እያለሁ የአከራዮቹ ጸሐፊ በስልክ «ዞናበንት፣ 17 ሰዓት» (በእኛ ከቀኑ 11) አለችኝ። በኮርስ የተማርኩት ሌላውን የቅዳሜ ስም፣ ዛምስታክን፣ ብቻ ስለነበር «ዞንታክ አበንት»፣ የእሁድ ማታ፣ ብዬ ሰማሁት። ኅዳር ነው፣ በ17 ሰዓት ይጨልማል፣ ምንም አልከነከነኝም። እሁድ ሄጄ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ በብርድ ቆምኩ። ሰኞ ስደውል «ከትናንት ወዲያ ነበር፣ ቤቱ ተይዟል፣ ጀርመንኛ ተማር» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ሃይም (የስደተኞች መጠለያ) ውስጥ በአንዲት ክፍል 5 ወር ጨመርን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አመጣጡን ያጠናሁት በዚያ ንዴት ነው። ቃሉ በቁሙ «የእሁድ ዋዜማ» ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ከእንግሊዝ የሄዱ ሰባኪያን «ሱናንኤፈን» የሚለውን የራሳቸውን ቃል ይዘው ገቡ፤ መጀመሪያ የቅዳሜን ምሽት ብቻ ይጠሩበት ነበር፣ ኋላ ቀኑን በሙሉ ወሰደው። እኛም በዓሉን ከዋዜማው ማታ አይደል የምንጀምረው? ዛምስታክ ደግሞ ሥሩ የግሪኩ «ሳምባቶን» ነው፣ የኛ ሰንበት ዘመድ። ቀዳሚት ሰንበት ስንል ለኖርን ሰዎች ይሄ እንዴት ባዕድ ይሆናል!

ደቡብ ጀርመን ባየርንና ኦስትሪያ ያሉ ወገኖቻችን ዛምስታክ ስለሚሉ ላያውቁት ይችላሉ። ሰሜንና ምሥራቅ ጀርመን ግን፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች፣ ዞናበንት ነው የሚሉት። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 193 እንኳ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ላይ ሲውል ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይዛወራል ሲል የጻፈው «ዞናበንት» ብሎ ነው። አሁን በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ትርጉሙን ለእናቶቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሩት ኖረው አስበውት አያውቁም ነበር።

3. ሁልጊዜ ቀኑን በቁጥር በኢሜይል አስጽፊ። ቅዳሜ 10 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ፣ የ3 ወር የደመወዝ ወረቀትሽንም ያዢ።