ካስቀረሁት ዘር የበቀለው ቲማቲም ለምን እናቱን አልመሰለም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጓሮ ትዝ አለኝ። አምና ከረጅሙ ሃይብሪድ (ድቅል) ቲማቲምሽ ዘር አስቀረሽ። ዘንድሮ ከተከልሻቸው 12 ችግኞች ሦስቱ አጭር ቀሩ፣ የአንዳንዶቹ ፍሬ ሞላላ ሆነ፣ የሁለቱ ደግሞ ቂጡ ጠቆረ። «ዘሩ ተበላሽቶ ነው?» ብለሻል። አልተበላሸም።

እኔም ቢሾፍቱ እያለሁ ደርሶብኛል። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ ማን ጠይቆ! ያማረውን ፍሬ መርጬ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ቀን አቆየሁት፤ አጥቤም አደረቅሁ። በሚቀጥለው ወቅት 20 ችግኝ፣ 20 ችካል። ስድስቱ ጉልበቴ ጋ ሲደርሱ አናታቸው ላይ አበባ አውጥተው ቆሙ። ችካሎቹ ብቻቸውን ተገትረው ቀሩ። ጎረቤቴ «ፍየል ልታስርባቸው ነው?» እያለ ሳቀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍ 1 የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የመጀመሪያ ልጅ፣ ማለትም ሃይብሪድ ነው። እንደ ቁመት ላለ ባሕርይ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ዘረመል ይወርሳል። ቲማቲም ላይ እየረዘመ የሚሄደው ባሕርይ አጭሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ኤፍ 1 ሲታይ ረጅም ነው፤ አጭርነቱ ግን ውስጡ አለ። አበባው ራሱን በራሱ ሲያዳቅል ዘረመሎቹ እንደ ካርታ ይበወዛሉ። ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ከሁለቱም ወገን አጭርነት ይደርሰውና ብቅ ይላል። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ይሄው ነው። የዘር ውርስ ተመራማሪው ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ አተር ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ያንቺ ሦስት ከ12 ቁጭ የሜንዴል ስሌት ነው። የኔ ስድስት ከ20 ትንሽ ዘለል ብሏል፤ ችግኙ ጥቂት ሲሆን ያጋጥማል። የፍሬው ሞላላነትም በዚሁ መንገድ ተደብቆ የቆየ ሊሆን ይችላል። የፍሬ ትልቅነት ግን የብዙ ዘረመሎች ሥራ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይቆጠርም።

ተቃራኒው ግን አይሆንም። አጭሩ ራሱን ካዳቀለ ረጅም አይወልድም፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? ረጅም ካየሽ ወይ ዘር ተደባልቆብሻል፣ ወይ ንብ ከሌላ አምጥታለች። የኋለኛው ቲማቲም ላይ ብዙም አያጋጥምም።

ቂጡ የጠቆረውን ዘሩ ላይ አታላኪ። ካልሲየም ፍሬው ጋ በበቂ ሳይደርስ ሲቀር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሳምንት ማስጠማት ነው። ሞላሎቹ ይበልጥ ይጠቃሉ፣ ውሃውን ግን አስተካክይ።

ከእንግዲህ ዘር ስታስቀሪ ፍሬ ሳይሆን ተክል ምረጪ። በአንድ ተክል ላይ ያለው ትልቁም ትንሹም ፍሬ የአንድ እናት ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ካስጠላሽ እንደ ሮማ ቪኤፍ ወይም መልካሾላ ያለ፣ ሃይብሪድ ያልሆነ ዘር ግዢ፤ ልጁ እናቱን ይመስላል።

እኔ ከስድስቱ አጭሮች አንዷን መርጬ ዘሯን አስቀረሁ። የልጆቿ ፍሬ ለጥቂት ወቅቶች አንዱ ክብ አንዱ ሞላላ እየሆነ አስቸግሮኛል። ችካል የጠየቀ ግን አንድም አልወጣም።