መሪው ሲዞር ሞተሩ ለምን ይጮኻል?

«ሞተር ሳይክሌ ላይ ከፍ ያለ መሪ ካስገጠምኩ ወዲህ ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ ሳዞር ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል» ላልከው፦ የጋዙ ገመድ አጥሮብሃል። መሪው ሲዞር ይወጠርና ራሱ ጋዝ ይሰጣል። ሚኒሞውን (ጋዝ ሳትሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) አትነካካ፤ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም።

1. ሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንኩን) አንሳና ገመዱን በአጭሩ መንገድ አሳልፈው።
2. ካልበቃ ረዘም ያለ ገመድ ግዛ።
3. ፎሌ አድርገህ (ማርሹን ነፃ አውጥተህ) ሞተሩን አስነሳ። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙር። ድምፁ ቅንጣት መለወጥ የለበትም።

የፊት ፍሬኑን ቱቦም በዚያው እይ። ከተወጠረ በፍጹም እንዳትነዳው።

እኔ ይህን ሳላይ ወጥቼ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በር ላይ ስዞር ጋዙ ተሳበ። ዓሣ ይዘው የሚሻገሩ እናት ጋ ልደርስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው የቆምኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፍሪሲዮኑን (የክላቹን እጀታ) መልቀቅ አቃተኝ።